«ጋሼ የሉም እንበል»

የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ ሙዚየም ነው። አስጎብኚ ነኝ፤ እንደኛ ባለ ቤት ግን ሁሉም ሰው ሁሉንም ይሠራል። ሥልጠና አለ ሲባል እምብዛም አንጓጓም። አዳራሽ ገብተን ፕሮጀክተር እናያለን፣ አበላችንን ተቀብለን እንወጣለን።

ያኛው ግን እዚያው ዕቃ ቤታችን ውስጥ ሆነ። ሪ-ኦርግ ይሉታል፤ የሙዚየም ዕቃ ቤትን መልሶ የማደራጀት ዘዴ ነው። ዘዴውን ያወጡት ሮም የሚገኘው ኢክሮም የተባለ የቅርስ ጥበቃ ድርጅትና ዩኔስኮ ናቸው። አቅም ለሌላቸው ትናንሽ ሙዚየሞች ተብሎ የታሰበ ነው፤ ማለትም ለእኛ።

ከውጭ የመጣችው አሠልጣኝ መጀመሪያ ያዘዘችው ቅርስ ያልሆነውን ሁሉ እንድናወጣ ነው። የሞተ ፎቶ ኮፒ ማሽን ወጣ። ደርቆ ድንጋይ የሆነ ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ወጣ። የስንት ዓመት የበዓል ባነር ወጣ። ጋሻዎቹ ከዚህ ሁሉ ጋር ስንት ክረምት እንደከረሙ እግዜር ይወቀው። ወለል ላይ የነበረውም ተነሣ፤ የክረምት እርጥበት ከታች ነው የሚመጣው፣ ቆዳ ደግሞ ወዲያው ይሻግታል።

ከዚያ ፈተናው መጣ። በዘዴው መሠረት ማንኛውም ቅርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ መገኘት አለበት። እሱን ለማውጣትም ከ2 በላይ ሌላ ዕቃ መነሣት የለበትም። አሠልጣኟ ከመዝገቡ አንድ የቀንድ ዋንጫ መረጠችና ስልኳ ላይ ሰዓት ያዘች።

የዕቃ ቤት ኃላፊያችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ገቡ፣ ወጡ። አንድ ደቂቃም አልሞላም። አጨበጨብንላቸው።

«በጣም ጥሩ» አለች። «ዋንጫውን ይመልሱትና እዚህ ይቀመጡ። አሁን ሌላ ሰው ያምጣው። ጋሼ የሉም እንበል።»

ቤቱ ጭጭ አለ። «ኧረ ክፉ አይንካቸው! ምን ዓይነት ሟርት ነው?» አለች ገንዘብ ያዧ። ጋሼ ራሳቸው ናቸው የሳቁት። «ጡረታዬ ደርሷል እኮ፣ ልጆቼ። ግቡ!»

ገባን። መዝገቡ ላይ የተጻፈው «የቀንድ ዋንጫ፣ 1፣ አሮጌ» ብቻ ነው። ዋንጫ ደግሞ ሞልቷል። አንዱ ቁጥሩ ለቋል፣ ሌላው ሁለት ቁጥር አለው። ጋሼ ከውጭ ሆነው አላስችል አላቸው፤ «ከነጋሪቱ ጀርባ!» ብለው ጮኹ። አሠልጣኟ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። 3 ደቂቃው አለቀ።

አብረውን የሠለጠኑ አንድ ቄስ ነበሩ። «እኛ ዘንድ ገበዝ ሲቀየር ንዋየ ቅድሳቱ በምስክር ፊት ተቆጥሮ ነው ርክክብ የሚደረገው» አሉ። እውነት ለመናገር ከአሠልጣኟ ስላይድ ይልቅ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ለዓመታት የተረካከብነው ቁልፉን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አድካሚ እንጂ ከባድ አይደለም። ለመደርደሪያው ፊደል፣ ለየደረጃው ቁጥር ተሰጠ። ቀንድና ብረት ላይ ቁጥር የሚጻፈው በቀጥታ አይደለም፤ መጀመሪያ በአሴቶን የሚለቅ ፓራሎይድ የሚባል ግልጽ ሽፋን ይቀባል፣ ቁጥሩ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ብራና ግን ቀለም አይነካውም፤ ለስላሳ እርሳስ ወይም በመካከል የሚገባ ወረቀት ይበቃዋል።

ጊዜ የፈጀው የጋሼ ጉዳይ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ቁመት፣ የተሠራበትን ነገር፣ ጉዳት ነው። ጋሼ የሚናገሩት ሌላ ነው፤ ዋንጫውን ማን እንደሰጠ፣ ከየትኛው ደብር ማዶ እንደመጣ፣ ጠርዙ በማን ሠርግ እንደተሰነጠቀ። እኔ እንዲያሳጥሩ ልነግራቸው ስል አሠልጣኟ ከለከለችኝ። ጀርባው ላይ ጻፍ አለችኝ። ጀርባው አልበቃም፣ ወረቀት ጨመርን።

አሁን መዝገቡ ግማሽ ላይ ደርሷል። ብራናዎቹ ገና ናቸው። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ እስኪያልቅ ግን እየመጡ ያጽፉናል። ፎቶ ኮፒ ማሽኑም ኮሪደሩ ላይ ነው፤ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ።