ጋሼን «አንተ» ብዬ

ቅዳሜ ማታ፣ ደሴ

ዛሬ አፍሬ ነው ቤት የገባሁት። ሳልተኛ ልጻፈው።

ውክፔዲያ ላይ መጻፍ ለሚፈልጉ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንገናኛለን። ዛሬ ስድስት ነበርን። ሁለቱ ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው፤ እንደ ልማዳቸው በስስ ሸሚዝ። ከጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ስለነበር እጃቸው እስኪሞቅ ድረስ ኪቦርድ አልነኩም።

አንደኛዋ ስለ አይጠየፍ አዳራሽ ጀመረች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ድንቅ»፣ «ዕጹብ» እና «ወደር የለሽ» ተደርድረዋል። እኛ ወሎዬዎች አገራችንን ሳናሞግስ ብዕር አይነሳልንም። ሦስቱን አውጪና የቀረውን አንብቢው አልኳት። የቀረው «ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ» ብቻ ሆነ። ደነገጠች።

«ታዲያ ድንቅነቱ የት ሄደ?»

«ስሙን ለምን አይጠየፍ እንዳሉት ጻፊዋ!»

ሀብታምና ድሃ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይጠያየፍ ይበላበት ስለነበር ነው ይባላል አልኳት። እሷም ቀበል አድርጋ «ማን ነው እንደዚያ የሚለው?» አለችኝ። ይቺ ልጅ ትጽፋለች።

የዘመን አቆጣጠሩ ጣጣ ግን ከሁሉም ይብሳል። አንዱ ልጅ ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበበትን ቀን ከእንግሊዝኛው እየተረጎመ ነበር። 1935 ይላል። ስምንት ቀነሰና 1927 ብሎ አስቀመጠ። ነገሩ የሆነው ግን በዲሴምበር ነው፤ እኛ አዲሱን ዓመት ይዘናል። ስለዚህ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ደግሞ ከመስከረም በፊት ስለሆነ ከ1878 ስምንት ሲቀነስ 1870 ይመጣል። ወሩን ሳያዩ ዓመት መቀነስ የአማርኛው ውክፔዲያ ጀማሪ የመጀመሪያ ስህተት ነው። የእኔም ነበር።

«ኅዳር 26» ስል ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሼ ቀና አሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዛሬ ገና መምጣታቸው ነው።

«አባቴ ያን ቀን ልጅ ነበር። ያየውን ሲነግረኝ ነው ያደግኩት። እኔም እዚሁ ላይ ጽፌው ነበር፤ አንዱ ጎረምሳ ሰረዘብኝ እንጂ።»

የገጹን ታሪክ፣ ማን መቼ ምን እንደጻፈና እንደሰረዘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ከፈትኩ። ጎረምሳው እኔ ነኝ።

ከሁለት ወር በፊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በስልኬ። እሳቸው ስድስት ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል። እኔ በአንድ ንክኪ አጥፍቼ አጭር ማብራሪያ ትቻለሁ፦ «ምንጭ የለለው ተረት አትጻፍ!» ከነቃለ አጋኖው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ «አዲስ መጪን አትንከስ» የሚል መመሪያ አለው። ስንቱን ሰው እንዳስተማርኩት!

እንግሊዝኛ በአንዲት «ዩ» ሁሉንም ይገላገላል። አማርኛ ግን ያስገድድሃል፤ አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ? ስክሪኑ ላይ የሚታየው የተጠቃሚ ስም ብቻ ነው፤ ሽበት አይታይም። መንገድ ላይ ባገኛቸው ጎንበስ ብዬ ሰላም የምላቸውን ሰው በሌሊት «አትጻፍ» ብዬ ገሠጽኳቸው። አሁን አንድ ዘዴ ይዣለሁ፤ ሰውየውን ትቶ ጽሑፉን ማናገር። «ምንጭ ቢጨመርበት ጥሩ ነው» ቢባል ማንም አይቀየምም።

ተናዘዝኩ። ሳቁና «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ። ቀጥለው ግን፣

«አባቴ ምንጭ አይደለም?»

«ምንጭማ ናቸው፣ ጋሼ። ግን ጅማ ያለ አንባቢ የት አግኝቶ ይጠይቃቸዋል?»

«አሁንማ እኔም አላገኘው፤ አርፏል።»

«ነፍስ ይማር። ለዚህ ነው እኮ የታተመ ነገር የምንጠይቀው።»

አልተዋጠላቸውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም። የእኛ አገር ታሪክ ብዙው ያለው በአቦልና በበረካ መካከል ነው። ቡናው ሲያልቅ ወሬውም አብሮ ይነሳል። መጽሐፍ ላይ ካልወጣ አይገባም ስንል ብዙ ሰው በር ላይ እናስቀራለን። ሕጉ ቢነሳ ደግሞ በሳምንቱ ሌላው የራሱን አባት ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ አባቶች ባይስማሙ ማን ይዳኛል? እኔ ተራ ሰው ነኝ፤ ጋሼን አላውቃቸውም፣ አባታቸውንም አላየሁም። ይህን ሁሉ ያኔ ብነግራቸው ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ባልጠፉ።

አባታቸው ያሉትን መጀመሪያ በራሳቸው ስም ጽፈው መጽሔት ላይ ቢያወጡት ምን ይመስልዎታል አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። የጻፉት ጠፍቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። እዚህ ምንም አይጠፋም ብዬ የገጹን ታሪክ አሳየኋቸው። ስድስቱም ዓረፍተ ነገሮች አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ጣታቸው የእኔ ማብራሪያ ላይ ቆመ።

«ይሄ «የለለው» የሚለውስ? ሁለተኛዋ ፊደል «ሌ» ናት። አርሚዋ እንጂ።»

«እሱ አንዴ ከተቀመጠ አይታረምም፣ ጋሼ።»

«ለዘላለም?»

«ለዘላለም።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ።