የሎሚ ቀለምና የቡችላው እግር
ክረምት ላይ ባሕር ዳር ታሪክ የማስጠናቸው አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ከዙፋኑ ለወረደ ንጉሥ ታማኝ ሆነው ስለቀሩት ስለ ጃኮባይቶች ሳወራ አንቀላፉብኝ። አልፈርድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1688 ዙፋኑን ያጣው የእንግሊዙ ዳግማዊ ጄምስ ለእነሱ ምናቸው ነው?

ፈረንሳይ ተሰደደ። አገር ቤት የቀሩት ደጋፊዎቹ ግን ጽዋቸውን ከውኃ ብርጭቆ በላይ አሳልፈው «ለንጉሡ!» ይሉ ነበር። ከባሕር ማዶ ላለው ማለታቸው ነው። ይሄኔ አንዱ ነቃና «ቲቸር፣ ይሄማ ሰምና ወርቅ ነው!» አለኝ። የጎጃም ልጅ መቼ ይጠፋዋል!

ጨዋታ አወጣን። ስደተኞቹ ጣና ዳር ዋርካ ሥር፣ ደጋፊዎቹ እኔ ቤት። ሁለቱ ደግሞ መንገድ ላይ ደብዳቤ እየከፈቱ የሚያነቡ ሰላዮች። ለሁሉም የውሸት ስም ወጣላቸው።

መጀመሪያ በሎሚ ጻፍን። በስንደዶ ጫፍ ጭማቂውን እየነከሩ መጻፍ፣ ማድረቅ፣ በካውያ ማሞቅ። ፊደሉ ቡናማ ሆኖ ብቅ ሲል ጩኸታቸው ለጉድ ነው። ግን የደብተር ወረቀት ይጨማደዳል፣ ይሸታልም። ደግሞ ባዶ ወረቀት ማን ይልካል? ወዲያው ተነቃብን። በማግስቱ «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል» የሚል ተራ ደብዳቤ በእስክሪብቶ ጽፈን ምስጢሩን በመስመሮቹ መሀል ደበቅነው። ይሄ ሠራ።

ቀጥሎ በቁጥር ጻፍን። ሰላዮቹ ቢለፉ ቢለፉ አልፈታ አላቸው። አንዷ ስደተኛ ግን መጨረሻው ላይ በፊደል «ነጋዴው እግሩ ተሻለው ወይ?» ብላ ጨመረች። ከመሀላችን የሚያነክሰው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ወጌሻ ያሸው። አለቀ፣ ደቀቀ።

በእንግሊዝ የሮቸስተር ጳጳስ የነበረውን የጃኮባይቱን የፍራንሲስ አተርበሪን ታሪክ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ቀድሜ ብነግራቸው ጨዋታው ይበላሽ ነበር። በ1722 መንግሥት የተጠለፉትን ደብዳቤዎች አስፈታ። በውሸት ስም «ጆንስ» እና «ኢሊንግተን» የተባለው ማን እንደሆነ ግን መረጋገጥ ነበረበት። ደብዳቤዎቹ ከፈረንሳይ በስጦታ ስለተላከ፣ እግሩ ስለተሰበረ ሃርለኪን ስለሚባል ዝንጉርጉር ቡችላ ያወራሉ። የጃኮባይቶቹ መልእክተኛ የቤት አከራይ ስለ ቡችላው ተጠየቀች። ክፋት ሳታስብ «ለጳጳሱ የመጣ ነው» አለች። ጳጳሱ በ1723 ተሰደደ።

ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያቺን ልጅ አዩዋት። እሷ ምን ተዳዋ! «ታዲያ እግሩን እያመመው ዝም ልበለው?»