የጥር ብር፣ የነሐሴ ጎተራ

ለኅዳር ሚካኤል ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ነበርኩ፤ አጎቴ ቤት። አጨዳው ተጋምሷል። ቀን ቀን ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ማታ የሚወራው ግን ስለ ዕዳ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ አለ። ክረምት ላይ ከሰው የተወሰደ ብር አለ። ጥር ላይ ደግሞ የልጅ ሰርግ አለ። ሁሉም የሚከፈለው ከአንድ ጎተራ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ገጠር ድህነት ሲነሳ "ገበሬው የገንዘብ አያያዝ አያውቅም" የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እቁብ የሚጥለው፣ የእድር መዋጮ የማያሳልፈው፣ የሰንበቴ ተራውን ጠብቆ የሚደግሰው ማን ሆነና ነው? የማን በሬ ለማን ስንት ቀን እንዳረሰ ያለ ወረቀት የሚያስታውስ ሰው ሂሳብ አይችልም አይባልም። ያጣው ነገር ሌላ ነው። ጊዜ ሲጨመርበት ገንዘቡ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ የሚያሳየው አላገኘም።

አራጣን እንውሰድ። "ከመቶ አሥር ብቻ ነው" ይባላል። አሥር ትንሽ ቁጥር ናት፤ ጆሮን አታስደነግጥም። ግን በወር ነው። 10,000 ብር የወሰደ ሰው በየወሩ 1,000 እየከፈለ ዓመቱን ቢጨርስ 12,000 ብር ወለድ ከፍሏል፤ ዋናው 10,000 ደግሞ እንዳለ አለ። ምንም ሳይከፍል ወለዱ ወለድ እየወለደ ቢቀጥል ደግሞ በዓመቱ ዕዳው ከ31,000 ብር ያልፋል። ይህን በአጎቴ ልጅ ደብተር ላይ ወር በወር ጻፍነው። አጎቴ ስምንተኛው ወር ላይ "በቃ፣ ተይው" አለኝ። እኔ ግን እስከ አሥራ ሁለተኛው ጻፍኩት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አራጣን ወንጀል አድርጎታል። ሆኖም ሌሊት ልጅ ሲታመም ሰው የሚያንኳኳው የጎረቤቱን በር ነው።

ወለድ የማይመስል ወለድም አለ። ነሐሴ ላይ ቤቱ ባዶ ሲሆን ገበሬው ገና በማሳ ያለውን እህል ይሸጣል። እንበል 4,000 ብር ይቀበላል፣ ጥር ላይ አንድ ኩንታል ሊያስረክብ። ጥር ሲደርስ ያ ኩንታል 6,000 ብር ያወጣል። ማንም ሰው ወለድ አልጠራም። ግን በ4,000 ብር ላይ በአምስት ወር 2,000 ብር ተከፍሏል። በወር 400 ብር ማለት ነው፤ ይሄው ነው ከመቶ አሥር! አክስቴ ይህን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየች። "እኛ እኮ እህል የሸጥን ነበር የሚመስለን" አለች።

ሕጋዊው ብድርም ቢሆን መጠየቅ አለበት። 20,000 ብር በ18 በመቶ ወስዶ በየወሩ እኩል እየከፈለ በዓመት የሚጨርስ ሰው፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ገንዘብ ከታሰበ 3,600 ብር ይከፍላል። ከቀሪው ዕዳ ከታሰበ ግን 2,000 ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ "18 በመቶ" ተብለው ነው የሚጻፉት። ብድሩን አዝመራ ሲገባ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ገበሬ ልዩነት የለውም። በየወሩ ለሚከፍል ባለ ሱቅ ወይም አረቄ ለምታወጣ ሴት ግን ትልቅ ልዩነት ነው። "ወለዱ የሚታሰበው ከየትኛው ብር ነው?" ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ከሁሉም ረጅም ሰዓት የወሰደብን የሰንጋው ጉዳይ ነው። የጅሩን ሰንጋ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሥጋ ቤት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ በሬ ቤት ውስጥ ታስሮ፣ በእጅ እየተጎረሰ፣ እንደ ልጅ እየታየ ነው የሚደልበው። አጎቴ ያለፈውን በጥቅምት በ62,000 ገዝቶ ለፋሲካ በ98,000 ሸጠው። "36,000 አተረፍኩ" ይላል። አክስቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና "ፋጉሎውስ?" አለች። ጻፍነው። መኖው፣ ፋጉሎና ፉርሽካ፣ 14,500። ጨውና መድኃኒት 1,100። ለደላላና ለማጓጓዣ 2,400። የጤፍ ጭዱን "እሱማ የራሳችን ነው" ብሎ ሊያልፈው ነበር። ገበያ ቢወጣ ግን 8,000 ብር ያወጣ ነበር። ሲደመር 26,000 ሆነ። የቀረው 10,000 ነው። ስድስት ወር ሙሉ ውኃ የቀዳችው፣ ጠዋትና ማታ ያጎረሰችው አክስቴ ደሞዝ እዚያ ውስጥ የለም። ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ አጎቴ ቀስ ብሎ "እንግዲህ የሷን ሥራ ቆጥረነው አናውቅም" አለ። እኔን ደስ ያለኝ ይህ ነው። ድካሟ በቁጥር አጠገብ ሲቀመጥ፣ ብሩ ምን ይደረግ በሚለው ላይም ድምጿ ከፍ አለ።

ታዲያ በሬ ማድለብ ይቅር ማለቴ አይደለም። "ከብት ከማሰር ባንክ አስገባ" የሚል ምክር የሚሰጡ አሠልጣኞች አሉ፤ አልስማማም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። 2014 ላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ያኔ 10,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 አገኘ፤ በ10,000 ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ደረሰ። ሰንጋው ከዋጋው ጋር አብሮ ይወጣል። ገበሬው ቁጠባውን በረት ውስጥ የሚያስቀምጠው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። አደጋውም ይታወቃል፤ በሬው ሊታመም ይችላል፣ መንገድ ሲዘጋም ገዥ አይመጣም። ስለዚህ ለድንገተኛ የሚሆን ትንሽ ብር ባንክ፣ የቀረው በከብትና በእህል ቢሆን ለኔ የተሻለ ነው።

ወደ ጎተራው ልመለስ። ጥር ላይ ሁሉም ባንዴ ይሸጣል፣ ዋጋ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው ሰው የሸጠውን ዓይነት እህል በውድ ይገዛል። "አትሽጡ፣ ጠብቁ" ማለት ቀላል ነው፤ ባለ ዕዳው ግን አይጠብቅም። የሚቻለው ምን እንደሚቀድም መምረጥ ነው። ስንዴና ባቄላ ነቀዝ ይበላቸዋል። ሁለት የላስቲክ ሽፋን ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት ከሌለ ማቆየቱ ኪሳራ ነው። ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም። ስለዚህ ዕዳው በስንዴና በባቄላ ቢከፈል፣ ጤፉ እስከ ክረምት ቢቆይስ? አጎቴ ይህን ከኔ በፊት ያውቀዋል። ያላደረገው ነገር ዕዳውንና እህሉን አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማየት ነው።

ለዕዳ ከብት ከመሸጥ ከብቱን አስይዞ መበደርም በሕግ ተፈቅዷል። የገጠሩ ሰው ከዱሮው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ ከዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በቡድን ዋስትና መበደር ለምዷል። በ2011 የወጣው አዋጅ ደግሞ ከብትና ሰብልን ጨምሮ የሚንቀሳቀስ ንብረት የብድር መያዣ እንዲሆን ደንግጓል። አጎቴ ይህን የሰማው ከኔ ነው። እዚህ ላይ ያዘንኩት በእሱ አይደለም። አዋጅ ወጥቶ ዓመታት ሲያልፉ ቀበሌ ድረስ ወርዶ የሚነግር መጥፋቱ ነው ያሳዘነኝ።

ሥልጠናም ሲሰጥ ጊዜው ተሳስቶ ነው የሚሰጠው። ግንቦት ላይ ብር በሌለበት "ቆጥቡ" ማለት ሰውን ማሳቀቅ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይሁን፤ እህሉ ሳይሸጥ። ባልና ሚስት አብረው ይቀመጡ። የራሳቸውን ዕዳ፣ የራሳቸውን ኩንታል ይዘው ይምጡ። ስለ ቴሌብርም ይነገር። አክስቴ የሚስጥር ቁጥሯን ለባለ ሱቁ ሰጥታ ነበር፤ እሱ ነው የሚልክላት። ሰውየው ታማኝ ነው። ቢሆንም ያን ዕለት ማታ ቀየርነው፤ አዲሱን ቁጥር እሷ ብቻ ታውቀዋለች። የማኅበረሰብ ጤና መድኑን መዋጮ ደግሞ ከሁሉ በፊት ከእህሉ ላይ ቁረጡ አልኳቸው። እድሩ የሚደርሰው ለሞት ነው። በሬ የሚያሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ሕመም ነው።

ግማሽ ሄክታር እንኳን የሌለው፣ መንዝ ላይ ገብሱን ውርጭ የመታበት ሰው በሂሳብ ትምህርት ብቻ ከድህነት ይወጣል ብዬ አላምንም። መሬት፣ ዝናብ፣ መንገድ፣ ዋጋ፣ እነዚህ በደብተር አይተኩም። ግን ዓመት ሙሉ ለፍቶ ካገኛት ላይ በማያየው ቀዳዳ የሚፈሰውን ማስቀረት ይችላል። እሱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንዳንድ ቤት የአንድ ልጅ የትምህርት ወጪ ነው።

በመጨረሻ ከጤፉ ሁለት ኩንታል እስከ ሰኔ ላይሸጥ ተስማሙ። የክረምቱን ብር ስንዴው እንደተወቃ ሊከፍሉት ነው። የሰርጉ ጉዳይ ግን አልተቋጨም። አጎቴ "የዘመድ ብድር አለብኝ፣ ሁሉም ደግሶ ጠርቶኛል" ይላል። አክስቴ "ድንኳኑ ይነስ" ትላለች። ሙሽራው ልጅ ራሱ ደብተሩን ወስዶ የእንግዳ ስም ዝርዝር ይጽፍና ይሰርዝ ነበር፤ ስመለስ 180 ላይ ደርሷል።