አኩሪ አተርን እንደ አይብ ማርጋት፦ የአሥራ ሁለት ሳምንት የቶፉ ማስታወሻ

ዕድሜዬ 49 ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከደረቴ ተነሥቶ ወደ ፊቴ የሚወጣ ድንገተኛ ሙቀት ሌሊት ከእንቅልፌ እየቀሰቀሰ ላብ በላብ ያደርገኛል። ሐኪሜ ይህ ወደ ማረጥ የመሸጋገሪያው ጊዜ መሆኑን፣ የኤስትሮጅን መጠን ከፍ ዝቅ እያለ ሲቀንስ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ለጥቂት ለውጥ እንኳ እንደሚደነግጥ አስረዳችኝ። መድኃኒት መጀመር እንደምችል ነግራኝ፣ ከዚያ በፊት አመጋገቤን ልፈትሽ ብዬ ስጠይቃት ተስማማች። አኩሪ አተር ኤስትሮጅንን በመጠኑ የሚመስሉ የእፅዋት ንጥረ ነገሮች ስላሉት ቶፉን፣ ማለትም ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋውን አይብ መሰል ምግብ፣ መረጥኩ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለ ነበረም በቤቴ መሥራት ለመማር ምቹ አጋጣሚ ሆነልኝ፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ በየቅዳሜው አንድ ጊዜ ሠራሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት 500 ግራም አኩሪ አተር ሌሊቱን ዘፍዝፌ፣ በማግስቱ ውኃውን ደፍቼና ልጣጩን አሽቼ አውጥቼ፣ በሦስት ሊትር ውኃ ፈጭቼ በሻሽ ጨርቅ አጠለልኩት። የተጠለለው የአኩሪ አተር ወተት ከምድጃው ላይ ገና ሳይፈላ የፈላ መስሎ አረፋውን ስለሚያነሣ፣ ያን ጊዜ ፈልቷል ብዬ አወረድኩት። ስሕተት ነበር። ጥሬው አኩሪ አተር የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ንጥረ ነገር አለበት፤ ይህ የሚከሽፈው በደንብ ሲፈላ ነው። እኔም ያን ቀን ሆዴ ተነፍቶ ዋልኩ። አሁን ግማሹ ባዶ በሆነ ትልቅ ድስት፣ እሳቱን ቀንሼና ታቹን እያማሰልኩ፣ ከፈላ በኋላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ አቆየዋለሁ።

የጥሬ እህሉ ሽታ ግን እስከ አራተኛው ሳምንት አልለቀቀኝም። ሽታውን የሚያመጣው ፍሬው በሚፈጭበት ቅጽበት ከአየር ጋር ሲገናኝ ሥራ የሚጀምር ኢንዛይም መሆኑን ካነበብኩ በኋላ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ፈንታ በፈላ ውኃ መፍጨት ጀመርኩ። የመፍጫው ክዳን በእንፋሎት እንዳይፈናጠር በጥቂት በጥቂቱ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለውጡ ግን በመጀመሪያው ጉርሻ የሚታወቅ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ማርጋቱ ነው። የሎሚውን ጭማቂ በአንድ ጊዜ ገልብጬ በኃይል ሳማስለው እንደ አሸዋ የተበታተነ ነገር ይወጣ ነበር። መፍትሔውን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። ድስቱን አየት አድርጋ፣ «አይብ ስታወጪ አሬራውን ታማስዪዋለሽ እንዴ? ተዪው፣ ራሱ ይለያል» አለችኝ። በእርግጥም ነገሩ አንድ ነው፤ በአይቡም በቶፉም ሙቀትና አሲድ ፕሮቲኑን አያይዘው አጓቱን ይለያሉ፣ የሚነካ እጅ ግን የተያያዘውን ይበጣጥሳል። ከዚያ ወዲህ ወተቱን ከእሳት አውርጄ አምስት ደቂቃ ያህል አበርደዋለሁ፤ በአንድ ብርጭቆ ውኃ የተበረዘ ስድስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በሦስት ዙር አፈስበታለሁ፣ በየዙሩም ማንኪያውን አንዴ ብቻ አዙሬ እከድነዋለሁ። ሩብ ሰዓት ሲሞላ አጓቱ ጠርቶ ወደ ቢጫነት ካደላ ረግቷል፤ አሁንም ወተት መስሎ ከታየ አንድ ማንኪያ ሎሚ ይጨመርበታል። የረጋውን በጨርቅ በተነጠፈ ወንፊት ላይ ገልብጬ፣ ሁለት ኪሎ በሚሆን ክብደት ለግማሽ ሰዓት እጫነዋለሁ። ከ500 ግራም ደረቅ ፍሬ በሰባተኛው ሳምንት 740 ግራም ያህል ቶፉ አገኘሁ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ውኃው በየቀኑ ከተቀየረ በማቀዝቀዣ አራት ቀን ይቆያል።

ከቶፉው ጋር የምሠራውን አትክልት ያመዛዘንኩት ከአጥንቴ አንጻር ነው፤ ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳልና። ገበያ ላይ በካልሲየም ሰልፌት የሚረጋው ቶፉ ካልሲየሙን ይዞ ይመጣል፤ በሎሚ የረጋው የእኔው ግን ያን ያህል የለውም። ስለዚህ ከቆስጣ ይልቅ ሐበሻ ጎመንን መረጥኩ፤ በቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዘው ሰውነት ብዙ አያገኝበትም፣ በጎመን ግን ይህ ችግር እጅግ አነስተኛ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቶፉውን በጨርቅ አድርቄ፣ በአውራ ጣት ልክ ቆራርጬ፣ በጋለ መጥበሻ በሁለት ማንኪያ ዘይት እጠብሰዋለሁ፤ አንዱ ወገን ወርቃማ ሳይሆን አልነካውም፤ ቀድሞ የተገለበጠ ቶፉ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አውጥቼው በዚያው ዘይት ቀይ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቂት እርድ ጨምሬ፣ ካሮቱንና በቀጭኑ የተከተፈውን ጎመን አስከትላለሁ። ጎመኑ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ቶፉውን መልሼ፣ አዮዲን ባለው ጨው አጣፍጬ፣ ከወረደ በኋላ ተቆልቶ የተፈጨ አንድ ማንኪያ ተልባ እነሰንስበታለሁ። ተልባም እንደ አኩሪ አተር ኤስትሮጅንን በመጠኑ የሚመስሉ የእፅዋት ንጥረ ነገሮች አሉት። በበርበሬ ወጥ ውስጥ ግን ቶፉው ሁለት ጊዜ ከሽፎብኛል፤ ቅመሙ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በጣም የወደድኩት በስምንተኛው ሳምንት ያገኘሁትን ነው፦ ያልተጫነውን ለስላሳ ቶፉ በእጅ ፈርፍሬ፣ ከተቀቀለና ከደቀቀ ጎመን ጋር በዘይት፣ በኮረሪማና በሚጥሚጣ ለወስኩት። የጾም ጎመን በአይብ ማለት ነው፤ እናቴም ደግማ ጠየቀችኝ።

ውጤቱን በተመለከተ በጥንቃቄ ልናገር። አሥራ ሁለት ሳምንት የመረጥኩት በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ያህል ስለ ቆየ ነው። በዚያ ጥናት 38 ሴቶች ተሳትፈው ነበር፤ ቅባቱ የተቀነሰ የእፅዋት ምግብና በየቀኑ ግማሽ ኩባያ አኩሪ አተር በበሉት ዘንድ ሙቀቱ በ79 በመቶ ቀነሰ። ይሁንና ምግባቸውን ባልለወጡትም ዘንድ በ49 በመቶ ቀንሷል፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር ደግሞ በ2023 ባወጣው መመሪያ አኩሪ አተርን ለዚህ ችግር ሕክምና አድርጎ አልመከረም። በአኩሪ አተር ውስጥ ያለውን ዳይድዜን የተባለ ንጥረ ነገር ኤስትሮጅንን ይበልጥ ወደሚመስለው ኢኮል የሚለውጡ የአንጀት ባክቴሪያዎችም ሁሉም ሰው ዘንድ አይገኙም።

የእኔ ደብተር በመጀመሪያው ሳምንት 21፣ በመጨረሻው 13 ጊዜ ሙቀት እንደ ተሰማኝ ያሳያል። ነገር ግን በአምስተኛው ሳምንት የማታ ቡናዬን ትቼአለሁ፣ በመጨረሻውም ዝናቡ ገብቶ ሌሊቱ ቀዝቅዟል፤ ስለዚህ ልዩነቱን ለቶፉው ብቻ መስጠት አልችልም።

የታይሮይድ እንክብል የምትወስዱ እህቶቼ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። አኩሪ አተር የእንክብሉን (የሌቮታይሮክሲንን) ወደ ደም መግባት ያውካልና ሰዓቱን ስለ ማራራቅ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ታላቅ እህቴ እንክብሏን ማለዳ ትወስዳለች፤ ቶፉውን አብረን የምንበላው ለእራት ነው።

አሁን ሁለት ሥራ ቀርቶኛል። አንደኛው ቡናውን ሳልመልስ ቶፉውን ለአራት ሳምንት አቁሜ ቁጥሩን ማየት፣ ሁለተኛው ከጨርቁ ውስጥ የሚቀረውን ምጣጭ ከሽሮ ጋር መሞከር ነው፤ የመጀመሪያውን ምጣጭ ትናንት ጸሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።