ጥርት ያለው ውሃ ጉድ ሰራኝ

ሰሞኑን የግቢያችንን የጉድጓድ ውሃ ላብራቶሪ ወስጄ አስመረመርኩት። እውነቱን ለመናገር ብዙም አስቤበት አልነበረም፣ ምክንያቱም ውሃችን ሲቀዳ ኩልል ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ቅዝቅዝ ያለ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ራሱ "ይሄማ የታሸገውን ያስንቃል" ምናምን እያልን የምንጎርርበት። ውጤቱ ሲመጣ ግን ኢ ኮላይ የሚባል የአንጀት ባክቴሪያ አለው። ለመጠጥ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም፣ ትንሽ ነው ምንም አይል የሚባል ነገር የለም፣ ተገኘ ማለት የሰው ወይም የእንስሳ ዓይነ ምድር የሆነ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስለ ወንዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በነጋታው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ አየሁት። ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ልብ ያላልኩት ነገር! ዙሪያው ያለው ሊሾ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ሳር በቅሏል፣ ስንቀዳ የሚፈሰው ውሃ ወደ ውጭ መሄድ ሲገባው እዛው ያቁርና በስንጥቁ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ የባልዲው ገመድ ደግሞ ዶሮ የሚጭርበት መሬት ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይሄው ገመድ ነው እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ውሃው ውስጥ የሚነከረው። ሽንት ቤቱን በእርምጃ ለካሁት፣ 15 ሜትር ቢሆን ነው፣ ያውም በዳገቱ በኩል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ከጉድጓዱ በታች በኩል እንዲሆን ነው (ድንጋዩ ስንጥቅ የበዛበት ከሆነ እሱም ላይበቃ ይችላል)።

አንድ ጓደኛዬ "አፍልታችሁ ጠጡ በቃ፣ ምን ያካብዳል" አለኝ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ እኛም አሁን እያፈላን ነው። ግን ችግሩ ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጣ ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ቢሆን ኖሮ ማፍላት ምንም አይፈይድም፣ እንደውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ መጠኑ ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ቶሌዶ የምትባል ከተማ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የቧንቧ ውሃዋ ውስጥ የአልጌ (ሐይቅ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) መርዝ ተገኝቶ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ሰው አትጠጡ፣ አታፍሉትም ተብሎ ነበር። ማጣሪያ ጣቢያ ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም፣ ውሃው የሚመጣበት ኤሪ ሐይቅ ላይ አልጌ የሚራባው በዋናነት ከእርሻ ታጥቦ በሚገባ ፎስፈረስ ስለሆነ ነው። ኒውዮርክ ደግሞ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ተፈራርማ፣ በቢሊዮን ዶላር ማጣሪያ ከምትገነባ ውሃው የሚመነጭበት ተራራማ አካባቢ መሬት መግዛት፣ የገበሬውን የከብት ፍግ አያያዝና የየቤቱን ሴፕቲክ ታንክ በራሷ ወጪ ማስተካከል ይሻለኛል አለች፣ እስከ ዛሬም አብዛኛው ውሃዋ በክሎሪንና በአልትራቫዮሌት ጨረር ታክሞ እንጂ ሳይጣራ ነው የሚጠጣው። እኔ ይሄን ሳነብ የኛን 15 ሜትር አስቤ አፈርኩ።

እስካሁን ሊሾው ታድሷል፣ ገመዱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ክሎሪን ጨምረን አሳድረን ሽታው እስኪጠፋ ቀድተን ደፋን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አስመረምራለሁ። ሽንት ቤቱን ማዛወሩ ላይ ግን ከአባዬ ጋር አልተስማማንም፣ "ስንት ዘመን ጠጥቼው ምን ሆንኩ?" ይላል፣ ልጅ እያለን በየክረምቱ ያመን የነበረውን ተቅማጥ ሳስታውሰው ዝም አለኝ።