ክብሬን ከይሉኝታዬ ለመለየት አምስት ወር ፈጀብኝ

ከሥራ ከተቀነስኩ በኋላ አምስት ወር ሙሉ በየማለዳው ሸሚዜን ተኩሼ፣ ቦርሳዬን አንግቼ ከቤት እወጣ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ከአንድ ደብተርና ከስልክ ቻርጀር በቀር ምንም የለም። የምውለው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ያውም በሩን ማየት የምችልበት ጥግ ይዤ፣ የሚያውቀኝ ሰው ድንገት ቢገባ ቀድሜ እንዳየው። ማታ የምመለሰው ድሮ ከሥራ በምወጣበት ሰዓት ነበር። ያን ያህል ደክሞኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ የማደርገው ክብሬን ለመጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ከቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረቅኩት እኔ ነኝ። አባቴ ስለ እኔ ሲያወራ ከስሜ በፊት የሚያነሳው የሥራ መደቤን ነው። "ተቀነስኩ" ብል አብሮኝ የሚዋረድ መሰለኝ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እናቴ ደወለች። ከንባብ ክፍሉ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ "እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ" አልኳት። "ውይ፣ ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ሥራ አስፈታሁህ" ብላ ቶሎ ዘጋች። የዋሸሁት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ። ስልኩን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የስንብት ደብዳቤው የተሰጠኝ ቀን እንኳ እንደዚያ አላነስኩም።

ያን ቀን ደብተሩን አውጥቼ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ ማንም ሰው መቼም ባያውቅብኝ፣ በዚህ ነገር አፍር ነበር? ሥራ በማጣቴ? አላፍርም፤ እኔ ያጠፋሁት ነገር የለም። እናቴን በማታለሌ? አዎ፣ ማንም ባያውቅም አፍራለሁ። አምስት ወር ሙሉ ክብር ስለው የኖርኩት ነገር ይሉኝታ ነበር፤ ክብሬን ደግሞ እሱን ለማስታመም ስል በየቀኑ ስሸራርፈው ኖሬያለሁ። "ይሉኝታ" የሚለው ቃል እኮ ራሱ "ይሉኛል" ከሚለው የመጣ ነው። የሚሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ የሚባልብኝ ብቻ ነኝ።

በተደበቅኩበት ቦታ ያነበብኩት ነገር ጠቅሞኛል። ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ዋጋ ያለውንና ክብር ያለውን ለይቶ ጽፏል፦ ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ይተካል፤ ክብር ያለው ግን ምትክ የለውም። የሥራ መደብ ይተካል፤ የእኔም በማግሥቱ በሌላ ሰው ተተክቷል። ክብሬን ያንጠለጠልኩት በሚተካ ነገር ላይ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 1 ሰው ሁሉ ነጻ ሆኖ፣ በክብርና በመብት እኩል ሆኖ እንደሚወለድ ይናገራል። ሲወለድ ነው የሚለው፤ ሲመረቅ ወይም ሲቀጠር አይልም።

ግን ይሉኝታን ሁሉ አውልቄ ጣልኩ አልልም፤ እንዲያ የሚሉ ሰዎችንም አላምናቸውም። ጎረቤት የታመመ ጊዜ ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ እሱ ነው። እዚያው መግለጫ ውስጥ አንቀጽ 29 እያንዳንዱ ሰው ለማኅበረሰቡ ግዴታ እንዳለበት፣ ሰውነቱም በነጻነት የሚጎለብተው እዚያው መሐል መሆኑን ይገልጻል። ሰው ከሚጠብቅብኝ ነገር ውስጥ የማልቀበለው፣ ለመፈጸም ስል የምወደውን ሰው እንድዋሽ የሚያደርገኝን ነው። የእኔ ድንበር ይኸው ነው፤ የሌላው ሌላ ሊሆን ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ከማን ልጀምር? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰዎችን የመስመሮች ርዝመት በዓይን አስነጻጽሮ ነበር። አብረዋቸው የተቀመጡት ሁሉ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ቢያንስ አንዴ ዓይናቸው ያየውን ትተው ተከተሏቸው። ከመሐል አንድ ሰው እውነቱን ሲናገር ግን ተከታዮቹ በጣም ቀነሱ። አንድ ሰው ይበቃል ማለት ነው። ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። "እኔስ ምን ሆነህ ነው ስል ነበር" አለችና እጄን ያዘችኝ። በሚቀጥለው ቀን ከእናቴ ጋር ስነጋገር አጠገቤ ነበረች።

አባቴ ዘንድ ስሄድ አንድ ስህተት ሠራሁ፦ ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ቅነሳው፣ ስንት ሰው እንደተነካ ብዙ ዘበዘብኩ። ማስረዳት ሲበዛ ይቅርታ መለመን ይመስላል፤ አሁን ቢሆን በሁለት ዓረፍተ ነገር እጨርሰው ነበር። አባቴ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ "አምስት ወር ሙሉ የት ነበር የምትውለው?" አለኝ። ያሳመመው የሥራው ነገር አልነበረም።

የተናገረም አልጠፋም። አንድ ዘመዴ ባገኘኝ ቁጥር "አሁንም እንደዚያው ነህ?" ይለኛል። ይቆጠቁጠኛል፤ ቆጥቁጦኝ ግን ያልፋል፣ የምደብቀው ስለሌለ የሚይዝበት ቦታ የለውም። አሁን ከበፊቱ ዝቅ ባለ መደብ እሠራለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ መደቤን እንዳለ እናገራለሁ።

ባለፈው ሰሞን አባቴ ከአንድ ወዳጁ ጋር አገናኘኝ። "ልጄ ነው" አለና ስሜን ነገረው። ሰውየው "ምንድን ነው የሚሠራው?" ሲል አባቴ ወደኔ ዞሮ "ራሱ ይንገርህ" አለው።

ነገርኩት።