ዳለቻን ማሳረፍ የተማርኩት ዘግይቼ ነው

ሰኔ ሳይጋመስ እርግቤ ዳለቻ የዓመቱን የመጨረሻ ጫጩቶቿን አበረረች። ሁለቱም ደህና ናቸው። የእናትየዋም ደረት ሙሉ ነው። አምና ልትሞትብኝ ስለነበር ደስታዬን ለእናንተ ለእርግብ ወዳዶች ላካፍል ብዬ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጥንድ ከአዘዞ ገዝቼ ጀመርኩ። ቤት መሥራቱን፣ ከድመት መጠበቁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ያስቸገረኝ እንቁላሉ ነው። እርግብ ሁለት ትጥላለች። በ18 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው ደግማ ልትጥል ትችላለች። እኔም ጫጩት በዛልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ክረምቱ ሲገባ ከሳች። ላሳርፋት ብዬ እንቁላሏን አነሳሁባት። በ10 ቀን ሌላ ጣለች። አነሳሁት። አሁንም ጣለች። ለካስ የማስጥላት እኔው ነኝ! የምትታቀፈው ስታጣ ቶሎ ትተካለች።

አንድ ማለዳ ላባዋን ነፍታ፣ ጅራቷን ጥላ ጥግ ላይ አገኘኋት። እንቁላሉ አልወጣ ብሏታል። በጨርቅ ጠቅልዬ ከከሰል ምድጃው ራቅ አድርጌ ሙቀቱ በሚደርሳት ቦታ አስቀመጥኳት። እኩለ ቀን ላይ ወጣ። ቅርፊት የለውም፤ ስነካው ይሰረጉዳል። በላይ በላይ ስትጥል ካልሲየሟ አልቆ ነበር። መዳፌ ላይ ይዤው እንባዬ መጣ።

አሁን እንቁላል አላነሳባትም፤ እቀይርባታለሁ። ሁለተኛውን በጣለች ዕለት ሁለቱንም ወስጄ ከእንጨት ያስጠረብኳቸውን አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ የራሷን ቀቅዬ መልሼ ነበር፤ አንዱ ተሰንጥቆ ጉንዳን አመጣብኝ። እንጨት ይሻላል። ሦስት ሳምንት ገደማ ታቅፋ ስታበቃ ራሷ ትተወዋለች። ያን ሁሉ ቀን አዲስ እንቁላል አልጣለችም፣ ጫጩትም አልመገበችም። «ማታለል ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ያንን ለስላሳ እንቁላል ካየሁ ወዲህ በዚህ አልከራከርም።

በዓመት ሦስት ዙር ይበቃታል ባይ ነኝ፤ ከጥቅምት እስከ ሰኔ። አንዱ ዙር ከመጣል እስከ ማብረር 50 ቀን ያህል ስለሚፈጅ በመሃሉ በደንብ ታርፋለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጎንደር ብርድና ዝናብ ስላለ ወንዱን ለብቻ አወጣዋለሁ። በየወሩ የሚያስጥል ሰው እርግቧን እየበላት ነው፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ። እኔም ዘንድሮ መጋቢት ላይ ጓደኛዬ ጫጩት ሲለምነኝ እምቢ ማለት አቅቶኝ አንድ ዙር ጨምሬባታለሁ። ልክ አልነበርኩም።

ካልሲየም የሚሰጣትን ቅርፊት ችላ አትበሉ። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት አጥቤ፣ ምጣድ ላይ አመስ አድርጌ በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ከማሽላው ጋር አልቀላቅለውም፤ በሌላ ጣሳ ለብቻው አኖረዋለሁ። ለመጣል ስትቃረብ ማሽላውን ትታ ወደዚያ ጣሳ ነው የምትሄደው።

ትናንት ወንዱን አወጣሁት። ከሽቦው ማዶ ሆኖ ሲያጉረመርም ዋለ። እሷ ፀሐይ ላይ አንድ ክንፏን ዘርግታ ተኝታለች።